ሁለት ጊጋ ያልበቃው ድምፅ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ጥዬ የምሄድ ሰው ነኝ። መንፈስ ታየኝ፣ የሞተ ሰው ጠራኝ የሚለኝ ካጋጠመኝ «ሂድ ባክህ፣ እራትህን በልተህ ተኛ» ብዬ የምመልስ፣ ሥራዬም ከኮምፒውተር ጋር ስለሆነ ሁሉም ነገር ምክንያት አለው ብዬ የምከራከር፣ ግትር ነገር ነኝ፣ እናቴ ትመስክር። አሁንም ቢሆን አምኛለሁ አልልህም፣ የሆነውን ግን እነግርሃለሁ፣ ፍርዱን ለራስህ ትቻለሁ።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የሙዚቃ ስቱዲዮ ነበረችኝ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ቡልኮ ሰቅዬ፣ ማራገቢያው ስለሚጮህ እሱን አጥፍቼ፣ በዚያ ሙቀት ላቤ ጠብ እያለ መዝሙርም የሠርግ ዘፈንም እቀዳለሁ። የምሠራበት ፕሮግራም የዱሮ ነው፣ ተማሪ እያለሁ የለመድኩት፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምነዳው። አንድ ጊዜ ታዲያ ያለ የሌለ ብሬን አራግፌ አሥራ ስድስት ጊጋ ሜሞሪ ያለው አዲስ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ አስመጣሁና ለከተማው ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ። ምን ዋጋ አለው! ዘፈኑ ትንሽ ሲወፍር «ሜሞሪ ሞልቷል» ይልና ይዘጋል።

የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ወዳጄ ሙስጠፋ መጥቶ ሲያይ በሳቅ ሞተ።

«ወላሂ ኮምፒውተርህ ምንም አልሆነም። ይሄ ፕሮግራም የተሠራው በዱሮ ዘመን ነው፣ ከሁለት ጊጋ በላይ መጠቀም አይችልም። በርሜል ሙሉ ውሃ አለህ፣ የምትጠጣው ግን በዚያችው ጣሳ ነው። አዲሱን ጫንና ተገላገል።»

«አልለውጥም!» አልኩት። የስንት ዓመት ሥራዬ በሱ ነው፣ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ እንደ አዲስ ፊደል ልቁጠር? ሲሞላብኝ አንዱን ድምፅ እያጠፋሁ ለሌላው ቦታ መልቀቅ ጀመርኩ። ጉድ የሠራችኝ ይቺ ግትርነቴ ናት።

በዚያ ሰሞን ከዶርዜ ስድስት ሽማግሌዎች ዘፈን ሊቀዱ መጡ። የነሱን ዘፈን መቼም ታውቀዋለህ፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሌላው ደግሞ በዚያ ላይ ይደርባል። እኔ ግን ባለሙያ ነኝ ባይ፣ «አንድ በአንድ ነው የምቀዳችሁ» አልኩ። የሚያወጡት ጋሽ ማልኮ የሚባሉ ሸማኔ ነበሩ፣ ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ሰው ብቻውን እንዴት ይዘፍናል? ማን ይቀበለኛል?»

«ግድ የለም ጋሽ ማልኮ፣ በኋላ እኔ እገጣጥመዋለሁ።»

ጋሽ ማልኮ ብቻቸውን ገቡ። አንድ ስንኝ ያወጡና ዝም ይላሉ፣ ተቀባይ ያለ ይመስል አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ሲጨርሱ እጄን ያዝ አድርገው፣ «የኔን ለብቻው አስቀምጥልኝ። ልጄ አስቴር ሻሸመኔ ናት፣ እኔ ስሸምን የምትቀበለኝ እሷ ነበረች። ስትመጣ ስጣት» አሉኝ። «እሺ፣ ችግር የለም» አልኳቸው።

በሳምንቱ ዘፈኑ ላይ ከበሮውን፣ ቫዮሊኑን፣ ምኑን ቅጡን ስከምርበት ሜሞሪው ሞላ። ያ ፕሮግራም የተቀዳውን ድምፅ ሁሉ ሜሞሪ ላይ ነው የሚጭነው። አንድ ቫዮሊን ብቀንስ ይበቃኝ ነበር፣ እመነኝ፣ እኔ ግን ትርፍ ሆኖ የታየኝ ያ ዝምታ የበዛበት የጋሽ ማልኮ ድምፅ ነው። መልሼ ጠርቻቸው አሳጥሬ እቀዳቸዋለሁ ብዬ ከዘፈኑ አወጣሁት፣ ቀጥሎ የማይፈለጉ ፋይሎችን የሚጠርገውን ትእዛዝ ተጫንኩ። «እርግጠኛ ነህ? መመለስ አይቻልም» ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም አዎ አልኩ። ቅጂ እንኳ አላስቀረሁም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ማልኮ አረፉ የሚል መርዶ መጣ።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘፈኑን ከፈትኩት። ምን ልሠራ እንደከፈትኩት እኔም አላውቅም፣ ጸጸቱ አላስቀምጠኝ ብሎ ነው። ከበሮውን አጠፋሁ፣ ቫዮሊኖቹን አጠፋሁ፣ የአምስቱን ሽማግሌዎች ድምፅ ብቻ አስቀረሁ፣ ጥግ ላይ ያለው የሜሞሪ መለኪያ ግን ሙሉ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። የጋሽ ማልኮ ድምፅ የነበረበት መስመር ባዶ ነው፣ ስማቸው ብቻ ቀርቷል። በዚያ ባዶ መስመር ላይ፣ ድምፅ ሲኖር ብቻ የምትበራው አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። ማይኩን አየሁ፣ ገመዱ ተነቅሏል። እንደገና ብልጭ። ቀጥሎ ሰው ሊዘፍን ሲል ትንፋሹን እንደሚስበው ያለ ስስ ድምፅ ከስፒከሩ ወጣ። «ሙቀቱ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግሏል» አልኩ ጮክ ብዬ፣ የሚሰማኝ ሰው ያለ ይመስል። ያኔ በሩ ተንኳኳ።

ጥቁር የለበሰች ሴት ናት።

«አስቴር እባላለሁ፣ የማልኮ ልጅ። አባቴ ድምፁን እዚህ እንዳስቀመጠልኝ ነግሮኝ ነበር።»

«እግዜር ያጽናሽ እህቴ» አልኳት። ቀጥሎ «የለም፣ አጥፍቼዋለሁ» ማለት ነበረብኝ፣ አፌ ላይም መጥቶ ነበር። ፊቷን ሳይ ግን አቃተኝና «አለ፣ ግቢ» አልኳት። ሐሳቤ የአምስቱን አሰምቼ ልሸኛት ነው፣ ስናገረው ራሱ ያሳፍረኛል።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት፣ እኔ በስፒከሩ እሰማለሁ። አምስቱ ጀመሩ፣ እኔ የምሰማው እነሱን ብቻ ነው። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ቆየችና መቀበል ጀመረች። ቀስ ብላ፣ በጋሞኛ። ትቀበላለች፣ ዝም ብላ ትሰማለች፣ ደግሞ ትቀበላለች። ባዶው መስመር ላይ ያለችው መብራት እሷ ዝም ስትል ትበራለች፣ እሷ ስትጀምር ትጠፋለች፣ አንዴ እንኳ አልተሳሳተችም። ልቅዳው ብዬ እጄን ስሰድ «ሜሞሪ ሞልቷል» አለና ፕሮግራሙ ተዘጋ።

ማዳመጫውን አወለቀች፣ እንባዋ እየወረደ ፈገግ ብላለች።

«እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። መጨረሻ ላይ ስሜን የጠራበትን ቦታ ብቻ አንዴ ድገምልኝ።»

ወዳጄ፣ የቀዳኋቸው እኔ ነኝ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቻቸዋለሁ፣ ጋሽ ማልኮ በዚያ ዘፈን ውስጥ የማንንም ስም አልጠሩም።

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል፣ አስተካክዬ እልክልሻለሁ» ብዬ ሸኘኋት። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ከፈትኩት መሰለህ፣ መስመሩ ባዶ ነው፣ መብራቷም በርታ አታውቅም። ሙስጠፋን ጠርቼ አሳየሁት፣ «ጠፍቷል፣ ምንም የለም» አለኝ፣ እሷ የሰማችውን ስነግረው ግን አልሳቀም። አዲሱንም ፕሮግራም ጫንኩ፣ አሥራ ስድስቱንም ጊጋ የሚጠቀመውን፣ አሁን ቦታው በሽ በሽ ነው፣ ምን ያደርግልኛል።

አስቴር ግን ዛሬም ትደውላለች። አጥፍቼዋለሁ ብላት አባቷ ስሟን መጥራቱን እቀማታለሁ፣ አለ ብላት ላክልኝ ትለኛለች፣ ስለዚህ አላነሳውም። ባለፈው ሳምንት ደውላ ደውላ ሲሰለቻት መልእክት ላከች፦ «ሌላው ይቅር፣ ስሜን የጠራበትን ብቻ ብትልክልኝ ይበቃኛል።» እስካሁን አልመለስኩላትም።