ሞተሩ ቆሞ ነበር ወይስ ይዞር ነበር

የእንፋሎት ሞተር ወደ ከተማዋ በገባ በአምስተኛው ዓመት፤ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ገና ባልደረቀበት ሰሞን፤ በጥጥ መዳመጫው ፋብሪካ፣ በሹሙ ቢሮ ደጃፍ አንዲት መበለት ቀኝ እጇን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ቆማ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ «እሳቷ» ይላታል፤ ምላሷ ሹም አይል ተርታ፣ ማንንም አይምርምና። የዚያን ዕለት ግን ያ ምላስ ከትናጋዋ ተጣብቆ ነበር።

ሦስት ጣቷን የበላው መዳመጫው ነው። በጥርሶቹ መካከል ጥጥ ሲወተፍ ሞተሩ ይቆማል፤ ሴቶቹ እጃቸውን ሰድደው ያወጣሉ፤ ሞተረኛውም መልሶ ከማስነሳቱ በፊት «እጅ!» ብሎ ይጣራል፤ ሁሉም «ወጣ!» ካላሉት መዳመጫውን የሚያዞረውን የቆዳ ቺንጋ አይነካም። ያን ቀን ግን አለቃው ከሰገነት ላይ ሆኖ «ምን ትጎለታለህ፣ አንተ ደንባራ!» ብሎ ቢጮህበት፣ ሰውዬው ደንግጦ ሳይጣራ አስነሳው። ሞተረኛው ደግሞ ባዳ አይደለም፤ እናታቸው ስትሞት እሷው በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ነው።

ንጉሡ በሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው ካሳ እንዲከፈል አዋጅ ካስነገሩ ዓመት አልሞላም፤ ፋብሪካውም ለሠራተኞቹ መድን ገብቶላቸው ነበር። ጉዳዩን የሚያዩት ዳኞች በሹሙ ቢሮ ከመቀመጣቸው በፊት የመድን ኩባንያው ወኪል፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ ሰው፣ ወደ ጥግ ወሰዳት።

«እሜቴ፣ አዋጁን ላስረዳዎ። መኪናው እየዞረ እጅዎን ከከተቱ የራስዎ ጥፋት ነው፤ ካሳ የለም። ቆሞ ሳለ ያስነሳው ሰው ካለ ግን...» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ያ ሰው አካል ያጎደለ ወንጀለኛ ነው። ወህኒ ይወርዳል።»

«ወህኒ?»

«በእግር ብረት።»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማችም። መንገድ ዳር ድንጋይ የሚፈልጡትን እስረኞች ታውቃቸዋለች፤ አንዱ ባለፈው ሳምንት እያሳለ ቁጭ ብሎ፣ ዘበኛው ጀርባውን በእርግጫ ብሎ ሲያስነሳው አይታለች። ያ ጀርባ አሁን የወንድሟን ጀርባ መሰላት። እጇ ከጨርቁ ውስጥ ይጠዘጥዛታል፤ ካሳው ከቀረ በዚህ እጅ ማን ያሠራታል? ቢሆንም እግር ብረቱ በጆሮዋ ይንቃጨል ነበር።

«አንቺ ሴት፣» አሉ ሰብሳቢው ዳኛ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ፤ «ሞተሩ ቆሞ ነበር ወይስ ይዞር ነበር?»

መልስ ሳትሰጥ ከበሩ በኩል የወንድሟ ድምፅ መጣ። «ቆሞ ነበር ጌቶቼ! እኔ ነኝ...»

«ዝም በል አንተ!» ብላ ጮኸች፤ ላብ በግንባሯ ፈሰሰ። «ጌታዬ፣ አይስሙት! ይሄ ሞኝ ከልጅነቱ ጀምሮ ለእኔ ብሎ ይዋሻል፤ ስኳር ሰርቄ ስበላ እንኳ እሱ ነበር የሚገረፍልኝ።» ሰው ሳቀ። «ይዞር ነበር። ዓይኔ እያየ ከተትኩት።»

«ደህና አድርገሽ አስቢ።»

«አስቤ ነው ጌታዬ። ችኩል ነኝ፤ ይህንን ግቢው ሁሉ ያውቃል።»

ችኩል እንዳልሆነች ግቢው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የተነፈሰ ግን የለም፤ እያንዳንዱ ለገዛ እንጀራው ፈራ። ወኪሉ ቦርሳውን ቀጭ አድርጎ ዘጋ። ካሳው ቀረ።

«እታለም፣ ምን አደረግሽ?» አላት ወንድሟ በበሩ ሲወጡ፣ እንባው እየወረደ።

«አፍህን ዝጋና ተራመድ!» አለችው፤ ዘበኛ ይከተላቸው እንደሆነ በየእርምጃው ዞር እያለች።

በዓመቱ አንድ አናጢ በጓደኛው ስህተት እግሩ ተሰበረ። እኒያው ዳኛ ካሳ ፈረዱለት፤ የባልደረባ ስህተት የሥራው አደጋ ነው፤ ሆን ብሎ ካልሆነ ማንም አይታሰርም አሉ። ወሬውን የሰማችው ገበያ ላይ በግራ እጇ ከሰል ስትሰፍር ነው። መስፈሪያው ከእጇ ወደቀ። «እና ያኔ ይሄን የሚነግረኝ አንድ ሰው ጠፋ?» አለች፣ ጎንበስ ብላ የተበተነውን ከሰል እየለቀመች።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች አዋጁ የታወጀበትን ቀንና የተተኮሰውን መድፍ ሳይቀር አስፍረዋል፤ የንጉሡንም ርኅራኄ አወድሰዋል፤ አልዋሹም። አዋጁ ደግ ነበር። እሷ ዘንድ የደረሰው ግን በወኪሉ አፍ ነው፤ ያንን የጻፈ የለም።