ከተዳፋቱ ግርጌ የተቆረሰው አፈር

የዘሪና ሥራ በቱዝላ ከተማ የመሬትን ቅርጽ መለካት ነው። ከአውሮፕላን በጨረር የተለካው የከፍታ መረጃ ሲደርሳት፣ ዛፉንና ቤቱን ከላዩ ታነሣና ራቁቱን መሬት ታያለች፤ ቁልቁለቱ የት እንደሚበረታ፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ ታሰላለች። በዚያ ሰሞን ግን ወንበሯ ላይ መርጋት አቃታት።

ከአጎቷ ከሐምዲያ አዲስ ቤት በላይ፣ ጫካው ውስጥ፣ መሬቱ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተሰንጥቆ ዝቅ ብሏል። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ አፈሩ አብጧል። ቀድሞ ከተለካው ጋር አስተያየችው። ያኔ እብጠቱ አልነበረም። ኮረብታው እየተንሸራተተ ነው።

ሐምዲያ ቤቱን የሠሩት ለልጃቸው ሠርግ ነው። ግቢው እንዲሰፋ የተዳፋቱን ግርጌ በመቆፈሪያ መኪና አስቆረሱ። ከላይ ደግሞ ለከብቶቻቸው የምንጭ ውሃ በቱቦ አምጥተው፣ የተረፈውን ውሃ ተዳፋቱ ላይ ለቀቁት። በመንደሩ እንዲህ የማያደርግ ሰው አልነበረም።

ዘሪና በመጀመሪያው የዕረፍት ቀኗ መንደሩ ድረስ ሄደች።

«አጎቴ፣ መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ዝናቡ ሳይበረታ ከዚህ ቤት ውጡ።»

ሐምዲያ የቀለም ብሩሻቸውን እንደያዙ ሳቁና ሚስታቸውን ተጣሩ። «ራሂማ፣ ነይ ስሚ! የእህቴ ልጅ ኮረብታው እግር አወጣ ትላለች!»

«አይሳቁ እንጂ! ግርጌውን ሲቆርሱት ድጋፉን ነው ያነሡበት። ውሃውም እያከበደው ነው።»

«እዚህ ተወልጄ እዚህ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አንቺ ከሰማይ አይተሽው ልታስተዋውቂኝ ነው? ሠርግ ደርሶብኛል ልጄ፤ ሟርትሽን ይዘሽልኝ ሂጂ።»

ዘሪና አኩርፋ ወጣች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ጎረቤታቸው ስታና፣ ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት፣ ላማቸውን ሲያልቡ አየቻቸው። ልትነግራቸው ቆም አለች። ግን አጎቴን በጎረቤት ፊት ላዋርድ ነው ወይ ብላ ሰላምታ ብቻ ሰጥታ አለፈች። ለማዘጋጃ ቤቱ አመለከተች፤ «ባለሙያ እንልካለን» አሏት፤ ማንም ግን አልመጣም።

ከዚያ ዝናቡ ጀመረ፤ አላባራም አለ። ዘሪና መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ስልኳን ታነሣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። አንድ ጠዋት ራሂማ ደወሉ።

«ልጄ፣ የማድ ቤቱ በር አልገጥም አለ። ትናንት ደህና ነበር።»

ዘሪና ኮት እንኳ ሳትደርብ መኪናዋን አስነሣች።

ስትደርስ ሐምዲያ በሩን በመላጊያ እየላጉ ነበር። «እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ ነው» አሉ፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት። ግድግዳው ግን ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል።

ራሂማ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ አልቀየሩም። «አንተ ከበሩ ጋር ተሟገት፤ እኔ ወጥቻለሁ!» አሉ። ሐምዲያም እያጉረመረሙ ተከተሏቸው።

ዘሪና ወደ ስታና ቤት ሮጠች። «እማማ ስታና፣ ቶሎ ይውጡ! ኮረብታው ሊወርድ ነው!»

«ዛሬ ነው የሚነገረኝ?» አሉ አሮጊቷ። ወጥተው መንገዱ ጋ ከደረሱ በኋላ ግን «ላሜ!» ብለው ከዘሪና እጅ አምልጠው ተመለሱ።

ድምፁ እንደ ነጎድጓድ መጣ። ጫካው እንደቆመ ተንሸራተተ፤ አዲሱን ቤት ገፍቶ ደረመሰው፣ የስታናን በረት ጠቀለለው። ሐምዲያ በጭቃው ውስጥ እየዳኹ፣ ጥፍራቸው እስኪነቀል እየቆፈሩ ሴትዮዋን አወጧቸው። ሕይወታቸው ተረፈ። አንድ እግራቸው ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ሐምዲያ ሆስፒታል ሄደው አልጋው አጠገብ ቆሙ። «አፈሩን የቆረስኩት እኔ ነኝ። ተነግሮኝ ነበር፤ ሳቅሁ» አሉ።

 ስታና ፊታቸውን ወደ ዘሪና አዞሩ። «አንቺስ ልጄ? የእሱን ቤት ስታይ የእኔ አልታየሽም?»

«ታይቶኛል፣ እማማ።»



አሁን አጎትና የእህት ልጅ በዚያ ተዳፋት ሥር ያለውን ቤት ሁሉ እየዞሩ ያንኳኳሉ። እሷ የመሬቱን ምስል ዘርግታ ስታስረዳ፣ እሳቸው የተቆረሰውን በድንጋይ ያስደግፋሉ፣ የተለቀቀውን ውሃ በቦይ ይመልሳሉ። የሚሰማቸውም የሚያባርራቸውም አለ።

እናንተም ግቢ ልታሰፉ ግርጌ ከመቁረሳችሁ በፊት ከላያችሁ ያለውን መሬት አስመርምሩ፤ የአንዱ ቁፋሮ የጎረቤቱንም ቤት ይዞ ይሄዳልና። አደጋውን ቀድማችሁ ያወቃችሁ ደግሞ ለዘመዳችሁ ብቻ አትንገሩ። አጥሩን ተሻግራችሁ የሚቀጥለውን በር አንኳኩ።