ኋላው የተረገጠ ጫማ

ኩምሳ ገርባ የሞተው የጎረቤቱን የአዴ ተረፈችን አጥር እንደተደገፈ ነው። ሰዎች ሲደርሱ እግሩ ሥር ባዶ የእርጎ ኩባያ ወድቆ አገኙ። ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ነበር።

ኢንስፔክተር ጣቢታ ከሰበታ በእግሯ መጣች። የጅማ መንገድ በድንጋይና በተቃጠለ ጎማ ከተዘጋ አራተኛ ቀኑ ነው፤ አስከሬኑን አዲስ አበባ ወስዶ ማስመርመር የማይታሰብ ነበር። ቀብሩ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

የሟች የአጎት ልጅ ዘርሁን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጠበቃት።

«ይኼ ምርመራ አያሻውም። ኩምሳ ቀያሽ ነው፤ ለአዲስ አበባው ማስተር ፕላን የሴትየዋን እርሻ ለካ፣ እሷም በእርጎ መለሰችለት። ካልወሰዳችኋት ከቀብር መልስ ቤቷ አመድ ነው።»

«ከቀብር በፊት መልሱን ታገኛለህ። እስከዚያ ክብሪትህን ኪስህ አቆየው።»

ጣቢታ አስከሬኑ ካረፈበት ክፍል ገብታ ልብሱን ከእግር በኩል ገለጠች። ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት ሁለት አውራ ጣት አክሎ ወፍሯል። በዓይኑ ብሌን ዙሪያ፣ በሽማግሌ ዓይን ላይ እንደሚታየው ያለ ነጭ ቀለበት አለ። አልጋው ሥር ያለው ጫማ አዲስ ነው፤ ኋላው ግን ተረግጦ ተኝቷል። ከኮቱ ኪስ የክሊኒክ ካርድ አወጣች፦ ዳገት ሲወጣ ደረቱን ያመዋል፤ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ ይሄዳል፤ በቤተሰብ የልብ ሕመም የለም፤ የጨጓራ መድኃኒት ታዟል።

አዴ ተረፈች ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል። ዙሪያቸው ባዶ ነው፤ ማንም አልተጠጋቸውም። ብቻውን የሚያዝን ሰው አቀማመጥ ጣቢታ ታውቀዋለች፤ ከየት እንደምታውቀው ግን ለማንም ነግራ አታውቅም። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እርጎውን የሰጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት በአጥር አቀብለዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ።»

«መሬትዎን ለለካ ሰው?»

«መሬት መሬት ነው።» አንገታቸውን ደፉ። «ውሰጂኝ፣ ልጄ። ቤቱን ብቻ አያቃጥሉብኝ፤ ዋቆ የት ይገባል?»

ልጃቸው ዋቆ ከድንኳኑ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። «አዎ፣ በስብሰባ ላይ ረግሜዋለሁ። “መሬቴን የለካ እግር ይድረቅ” ብያለሁ። ይኸው የደረቀው የኔ!» ብሎ እግሩን አነሳ። ጫማው ኋላው ተረግጧል።

«ምነው፣ ጫማህ ጠበበህ?»

«ተረከዜን ነው የሚያመኝ። ጓደኞቼ “አያ ሽማግሌ” ይሉኛል፤ ገና ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴም እንዲህ ነበር አሉ። ተጂ አገር ሳለን፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሲያርስ ቁጭ እንዳለ ቀረ። ከዚያ እዚህ መጣን። ዘመድ በሌለን አገር ለምን እንደምንኖር እናቴ ነግራኝ አታውቅም።»

እናቷ በወሊድ የሞተችባት የኩምሳ ልጅ ሄመን፣ አሥር ዓመቷ፣ በር ላይ ቆማ ነበር።

«አባባ እርጎውን ጨርሶት ነበር?» አለቻት ጣቢታ።

«አይ፣ ሁልጊዜ ግማሹን ለእኔ ያስቀርልኛል። ጠጥቼ ኩባያውን መለስኩለት።»

ጣቢታ ቡራዩ ለሚሠራ ለምታውቀው ሐኪም፣ ለዶክተር አጵሎስ፣ ደወለች። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ ስልኩ ግን በሦስተኛው ሙከራ ገባ። ያየችውን ሁሉ ነገረችው።

«በደም ውስጥ ስብ ተሸክሞ የሚዞር ፕሮቲን አለ» አላት። «ሲፈጠር ጀምሮ ጉድለት ካለበት ስቡ ማራገፊያ ያጣና በልብ ደም ሥር፣ በጅማት፣ በዓይን ይጋገራል። በዘር ነው የሚመጣው፤ ከአባት ወይም ከእናት።»

«ወላጆቹ ሰማንያ አልፏቸዋል። ተረከዛቸውን አይቻለሁ፤ እንደ ሚዳቋ ቀጭን ነው።»

«እንግዲያው ሌላ ወላጅ ፈልጊ።»

ስምንት ሰዓት ላይ አስከሬኑ ካለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው፦ አባቱን ኦቦ ገርባን፣ ሚስታቸውን ገለቴን፣ ዘርሁንን፣ አዴ ተረፈችንና ዋቆን።

«መርዝ የለም» አለች። «እርጎውን ሄመን ተካፍላዋለች፤ ደጅ ላይ ደህና ሆና ቆማለች። ኩምሳን የገደለው ልቡ ነው። ካርዱ ላይ ያለው ሕመም የጨጓራ አይደለም። የክሊኒኩ ሐኪም ያልጠረጠረው በቤተሰቡ በልብ የሞተ የለም ስለተባለ ነው። ኦቦ ገርባ፣ ለሐኪሙ የመለሱለት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።» ሽማግሌው ቀና አሉ። «“በቤተሰቡ በልብ የሞተ አለ ወይ?” አለኝ። እኔ አለሁ፣ ገለቴ አለች። ልጄ ነው። ምን ልበል?»

«ልጅዎ ነው። ማንም አይነጥቅዎትም። ነገር ግን ኩምሳን የገደለው ሕመም በዋቆ ተረከዝ ላይም አለ። ሄመንም ወርሳው እንደሆነ ምርመራ ብቻ ነው የሚለየው። በጊዜው ከታወቀ መድኃኒት አለው። ከዚህ ወዲያ ያለውን እኔ አልናገርም፤ መሐላ ካለባችሁ የምትፈቱት እናንተ ናችሁ።»

ዘርሁን አንዴ የዋቆን ጫማ፣ አንዴ አልጋው ሥር ያለውን አየ። እጁን ከኪሱ አወጣ።

አዴ ተረፈች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። በመርዝ ቢታሰሩ ይሻላቸው ነበር፤ የጉዲፈቻ መሐላ አይፈርስማ።

ኦቦ ገርባ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «ፈጣሪዬ ዋቃ ይቅር ይበለኝ። በአርባ ቀኑ ነው የሰጠሽኝ፤ “የኔ ነው” እንዳትዪ ያስማልኩሽም እኔ ነኝ። መሐላውን ፈትቼልሻለሁ። ተረፈች፣ አልቅሺለት።»

ዋቆ ወደ አልጋው ዞረ። የረገመው ወንድሙን ኖሯል።

እናቱ ግን አላለቀሱም። ሠላሳ ስድስት ዓመት የታፈነ ድምፅ በአንዴ አይወጣም። ወዴት እንደሚሄዱ የጠፋቸው ይመስል መሐል ክፍሉ ላይ ቆሙ። ያን ጊዜ ገለቴ፣ ከንጋት ጀምሮ ማንንም ያላስጠጉት ሴት፣ በልጃቸው ራስጌ ከተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ፈቀቅ አሉ።