ከቀለሁ ግርጌ ያለው ስንጥቅ

ባለወፍጮው ጉልባት በጠዋት በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ደረቱን በጥይት ተመቶ ሞቶ ተገኘ። ከአጠገቡ አንድ ባዶ ቀለህ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ሁለት ጭረት አለበት። ሁለት ጭረት የዘርዋሊ የጥይት ምልክት መሆኑን ሸለቆው ሁሉ ያውቃል። ቀትር ሳይሆን ሽማግሌዎቹ ለጂርጋ፣ ለፍርድ ሸንጎ፣ ተቀመጡ፤ ሁለት ጎረምሶችም ላምባ ይዘው የዘርዋሊ ጣሪያ ላይ ወጡ። ከተፈረደበት ቤቱ ይቃጠላል፤ እሱም ከነልጆቹ ይባረራል።

ወሬው የዘርዋሊ እህት ሻንዳና ጋ ሲደርስ ጥይት እየሞላች ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ መተዳደሪያዋ ያገለገለ ቀለህ አድሶ መሙላት ነው፤ የወንድሟንም የምትሞላው እሷው ናት። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ጫፉ የተቆለመመ ቀጭን ሽቦዋን ይዛ፣ ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት፣ ወንድ ብቻ ወደሚገባበት የእንግዳ ቤት ዘው አለች።

«ሴትዮ፣ ለቅሶው በጓሮ ነው!» አለ ጃንዳድ፣ የሟቹ የአጎት ልጅ።

«እደርስበታለሁ። አባባ ታጅባር፣ እስቲ ቀለሁን ስጡኝ።»

የጂርጋው አለቃ ታጅባር ጢሙን እያሻሸ አመነታ። ግን እሱም የሚተኩሰው እሷ የሞላችውን ነውና ሰጣት።

ቀለሁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። አንገቱ ደህና ነው። ከግርጌው ከፍ ብሎ ግን ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር ዙሪያውን ከቦታል፤ ግማሹም ተሰንጥቋል። ሽቦዋን ወደ ውስጥ ሰደደች። ቆልማማው ጫፍ እዚያው ቦታ ላይ ተያዘ።

«እዚህ አገር ቀለህ መሬት ላይ ጥሎ የሚሄድ ማን ነው?» ስትል ጠየቀች። «በሠርግ እንኳ ተኩሱ ሳያበቃ ጎንበስ ብላችሁ ትለቅማላችሁ። ይኼ እንዲገኝ ነው የተተወው።»

«ወንድምሽ ደንግጦ ይሆናላ!» አለ ጃንዳድ። «ደግሞ ስንጥቁን እዩት፤ የእጇ ሥራ ነው። ባለፈው ጸደይ የኔንም ሁሉ ሰነጣጥቃብኝ ገበያ መሃል ነግሬያታለሁ።»

ወንዶቹ ሳቁ። ሻንዳና ያን ቀን የዋጠችውን ንዴት ደግማ ልትውጠው አልፈለገችም።

«ይህን ጥይት የሚጎርሱ ጠመንጃዎች በሸለቆው ሦስት ናቸው» አለች። «የዘርዋሊ፣ የጃንዳድና የጎረቤታችን የሚር ካላም። ሦስቱም ይምጡ፤ ከወንድሜ ዝናር አንዳንድ ጥይት ይተኮስባቸው።»

«እኔን ምን አገባኝ?» አለ ሚር ካላም።

«ካላገባህ አይጎዳህም።»

ሁሉም ወደ ግቢው ወጡ። የዘርዋሊ ጠመንጃ ተተኮሰ፤ ቀለሁ ደህና ወጣ። የሚር ካላምም እንዲሁ። ጃንዳድ ጠመንጃውን አቅፎ ቆመ።

«ሴት አታዘኝም!»

«የማዝህ እኔ ነኝ። አምጣ!» አለ ታጅባር።

ተተኮሰ። ቀለሁ ሲወጣ ከግርጌው በላይ ተሰንጥቆ ነበር፤ ከሟቹ ጎን ከተገኘው ጋር ቁርጥ አንድ።

ሻንዳና ሁለቱን ቀለሆች መዳፏ ላይ አድርጋ ለሽማግሌዎቹ አዞረች። «አንገቱ ላይ ቁልቁል ቢሰነጠቅ ጥፋቱ የኔ ነው፤ በእሳት አላለሰለስኩትም ማለት ነው። እዚህ ታች ዙሪያውን ሲሰነጠቅ ግን ጠመንጃው ውስጥ ያለው የጥይቱ ማደሪያ ከልኩ ረዝሟል ማለት ነው። ቀለሁ ክፍተቱን ልሙላ ብሎ ይለጠጥና እዚህ ጋ ይበጠሳል። የዘርዋሊን ቀለህ የማጠብቀው በራሱ ጠመንጃ ልክ ነው፤ የጃንዳድ ውስጥ ሲገባ አንድ ተኩስ እንኳ አልቻለም።»

«ጥይቱን ከየት አመጣው?» አለ ታጅባር።

«ዘርዋሊ ልጅ ሲወለድለት ለእንግዳው ሁሉ ለደስታ ተኩስ እፍኝ እፍኝ አደለ። ሚር ካላም ሁሉንም ወደ ሰማይ ለቀቀው። ጃንዳድ ግን ትከሻዬን አሞኛል ብሎ ኪሱ ከተተ። ጉልባት ልጅ የለውም። ወፍጮው ለማን ነው የሚደርሰው?»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ጃንዳድ ዞሩ።

«ተሰንጥቆ እያየሁት ለምን እተወዋለሁ?» ብሎ ጮኸ።

«ስንጥቁ የኔ ጥፋት መስሎህ ነዋ! እንዲያውም ደስ ብሎህ ነው የተውከው።»

ጠመንጃውን ነጠቁት፤ እጁንም ያዙት። ታጅባር ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እንግዲህ እህቴ፣ አሁን ወደ ጓሮ...» ሲል ጀመረ።

«መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ያሉት ይውረዱ።»

ላምባቸውን ይዘው እስኪወርዱ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ጃንዳድ ፊት ቆመች።

«ያን ቀን ገበያ መሃል ጠመንጃህን አሳድሰው ብዬህ ነበር። ሴት ስለ ጠመንጃ ምን ታውቃለች አልከኝ። ሰምተኸኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚነደው የወንድሜ ቤት ነበር።»