የዋንዛ ምንጭ ባለ ቀይ ጅራት

ፀደንያ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠግታ አየች። አልተሳሳተችም። ባለ ቀይ ጅራቱ ዓሣ ጀርባ ላይ ትናንት ያልነበሩ ነጫጭ ነጥቦች ወጥተዋል፤ ደቃቅ ጨው የነሰነሱበት ይመስላል። ክንፉን ሰብስቦ ጎኑን ከጠጠሩ ጋር ያሻል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ያሻል።

«አንተስ አትታመምብኝ» አለች በሹክሹክታ። «ሌላው ይታመም፣ አንተ ግን አትታመምብኝ።»

ይህን በሽታ ታውቀዋለች። አምና ገንዳዋ ውስጥ አንድ ነፍስ ሳያስተርፍ የጨረሰው እሱው ነው። ያን ጊዜ አልቅሳ አልቅሳ፣ ኔት በመጣ ቁጥር ቴሌግራም ላይ ያለውን የዓሣ አርቢዎች ግሩፕ ስትበረብር ከርማ፣ አንድ ነገር ተምራ ነበር። አዲስ ዓሣ ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አይቀላቀልም፤ ደህና መሆኑ እስኪታወቅ ለብቻው ይቆያል። ግን ማወቅና ማድረግ ለየቅል ናቸው። ባለፈው ሳምንት አጎቷ ከባሕር ዳር ወርቃማ ዓሣዎች ሲያመጣላት ደስታው አቅሏን አሳታትና ቀጥታ ገንዳው ውስጥ ለቀቀቻቸው። እንግዲህ በሽታው የመጣው በእነሱ ነው። ያመጣችው ደግሞ እሷ ናት።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዓሣ ማለት የሚጠበስ እንጂ ተቀምጠው የሚያዩት መሆኑን ስንቱ ያውቃል? መስታወቱን የቆረጠላት መስኮት ሠሪ እንኳ «ምን ልትሸጪበት ነው?» ብሎ ጠይቋታል። መብራት ጠፍቶ የአየር መንፊያው በቆመ ቁጥር ውኃውን በጣሳ እየቀዳች መልሳ ስታንቆረቁር፣ ዓሣዎቹ አየር እንዲያገኙ ማለት ነው፣ እናቷ «ለትምህርትሽም እንዲህ ብትተጊ» ትላታለች። እሷ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ግሩፑ ውስጥ ያሉት የአዲስ አበባ ልጆች ስማቸው እንኳ የማይያዝ ዓሣዎች ፎቶ ይለጥፋሉ። እሷ ወርቃማዋን ስትለጥፍ አንዱ «ይሄማ ፋራ ነው፣ የሌለው ሰው አለ?» አላት። ከዚያ ወዲህ ማንም የሌለው ዓሣ ፍለጋ የዕለት ተዕለት ሥራዋ ሆነ።

ያገኘላት ቂርቆስ ነው። ቂርቆስ የክፍሏ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከማንኩሳ ወዲያ ያርሳሉ፣ እሱ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል፣ በየሳምንቱ ስንቁን ከገጠር ያመጣል። ከወር በፊት አንድ ሰኞ ከስንቁ ጋር የለውዝ ቅቤ ብልቃጥ ይዞ መጣ። ውስጡ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው፣ ጅራቱ በርበሬ የመሰለ ዓሣ ይዋኛል።

«ከባሕር ዳር ነጋዴ ነው ያመጣሁት፤ ከውጭ የገባ ነው» አላት። «ለማንም እንዳትናገሪ። ሰው ከሰማ ይወደድብናል።»

ለበዓል ልብስ የተሰጣትን ብር አንድም ሳታስቀር አስረከበችው። ፎቶውን ስትለጥፍ ግሩፑ ተንጫጫ። «ከየት አገኘሽው?» ያላላት የለም። ያን ሰሞን ንግሥት ሆና ሰነበተች።

አሁን ያ ንግሥና ጠጠር ላይ ጎኑን እያሸ ነው። ፀደንያ ለማከሚያ ጨው ልታመጣ ስትነሣ የግቢው በር ተንኳኳ። ስትከፍት ቂርቆስ ቆሟል። ቅዳሜ ነው፤ ገጠር መሆን ነበረበት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማን አለ ቤት?»

«ማንም የለም፤ እማ ገበያ ወጥታለች። ምን ሆነሃል?»

«ዓሣውን መልሽልኝ።»

«ምን? የሸጥክልኝን?»

«ፀዲ፣ በማርያም። ዝም ብለሽ መልሽልኝ። ብርሽን ቀስ እያልኩ እከፍልሻለሁ።» ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «ከባሕር ዳር አይደለም። ነጋዴ የሚባልም የለም። ከዋንዛ ምንጭ ነው ያወጣሁት። ከጸበሉ።»

ዋንዛ ምንጭን በስም ታውቀዋለች። የእነ ቂርቆስ አጥቢያ ጸበል ነው። ሕመምተኛ የሚጠመቅበት ውኃ ወርዶ በድንጋይ የተከበበች ትንሽ ኩሬ ይሞላል፤ ኩሬዋ ውስጥ ዓሣዎች አሉ። ማንም አይነካቸውም። ልጅ እንኳ ጠጠር አይወረውርባቸውም።

«አንድ ብቻ ነው ብዬ ነበር» አለ ቂርቆስ። «ማን ይቆጥረዋል ብዬ። ያጠመድኩበትን የአጎበር ቁራጭ ግን እዚያው ረስቼው ኖሯል፣ አገኙት። እና ባለፈው እሁድ መምሬ ቢሆነኝ ከቅዳሴ በኋላ ገዘቱ። የወሰደ እስከሚቀጥለው እሁድ ይመልስ፣ ያወቀም ይናገር አሉ። የደበቀ የተለየ ይሁን አሉ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ‹አሜን› አለች፣ ፀዲ። በእኔ ላይ መሆኑን ሳታውቅ አሜን አለች።» እንባውን በክንዱ ጠረገ። «ከረቡዕ ጀምሮ ደግሞ ማርያማዊትን እያተኮሳት ነው። እህቴን። እኔ ነኝ ያመጣሁባት።»

ፀደንያ የገጠር ግዝት እንዴት እንደሚፈራ ከእናቷ ሰምታለች። የተገዘተ ሰው ቡና የሚያጣጣው፣ ለቅሶ የሚደርሰው ያጣል፤ ሲሞትም ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም። ያወቀም ይናገር ነው ያሉት። ከአሁን ደቂቃ ጀምሮ ደግሞ እሷም አውቃለች። ምን በወጣኝ አለች በልቧ፤ ምን ቆርጦኝ በሩን ከፈትኩ።

«ና እየው» አለችና ወደ ገንዳው ወሰደችው። «ታሟል።»

ቂርቆስ አይቶ በረጅሙ ተነፈሰ። «ይሄ ብቻ ነው? ወደ ጸበሉ ከተመለሰ እኮ ይድናል።»

«ይሄ የሚጋባ ነው። አንዱ ከያዘው ሁሉንም ይይዛል። አምና ሲያልቁብኝ አላየህም?»

«ያ የቧንቧ ውኃ ነው። ይሄ ጸበል ነው። ሰው ተሸክመው አምጥተውት በእግሩ የሚሄድበት ውኃ ዓሣ ያቅተዋል? አታምኚም እንዴ?»

ታምናለች። እሷም ልጅ ሆና አንገቷ ላይ የወጣባት ቁስል የዳነው በጸበል ነው። እምቢ ካለች ከሃዲ ልትባል ነው፣ እሺ ካለች ደግሞ የሚሆነውን ታውቃለች። ዓሣውን በማጥለያ አወጣችና በዚያው በለውዝ ቅቤ ብልቃጥ አደረገችው። «እኔ እይዘዋለሁ» አለች፤ ይህን ብቻ ነው ማለት የቻለችው።

ወደ ማንኩሳ የሚሄደው ሚኒባስ ጢም ብሏል። ቦርሳዋን ታቅፋ አንዲት ነጠላ የደረቡ ሴትዮ አጠገብ ተቀመጠች። መኪናው በነጠረ ቁጥር ውኃው ይንቦጫቦጫል።

«ልጄ፣ ቦርሳሽ ያንጠባጥባል፤ ምን ይዘሻል?» አሏት ሴትዮዋ።

«ጸበል ነው» አለች። ከአፏ አምልጣ የወጣች ቃል ናት።

«ከከተማ ጸበል ተሸክማችሁ? የኛው ዋንዛ ምንጭ እያለ!» ሴትዮዋ ፈገግ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ ለእኔም አፌ ላይ ጠብ አድርጊልኝ፤ ራሴን ሲፈልጠኝ ነው ያደረው።»

ፀደንያ ቦርሳውን ጨምቃ ያዘችው። «የ... የታመመ ሰው ነው እማማ። አደራ ተብያለሁ።»

«እግዜር ይማረው። ማነው የታመመው?»

«እህቴ ናት» አለ ቂርቆስ ከኋላ ወንበር፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። ሴትዮዋ አዝነው ዞረው አዩት፣ ቦርሳውንም በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን ሳሙ። ፀደንያ እስኪወርዱ ድረስ ቀና ብላ አላየችም።

ከማንኩሳ ወደ ምንጩ በእግር ሄዱ። የጠዋቱ ተጠማቂ ተበትኖ ቦታው ጭር ብሏል። ኩሬዋ ሥር ሲንበረከኩ ዓሣዎቹ የሰው ጥላ አይተው ወደ ላይ መጡ፤ ሰው ቆሎ ጣል ያደርግላቸው የለ፣ መፍራት አያውቁም። ጅራታቸው ቀይ፣ ጀርባቸው ንጹሕ ነው። ብዙ ናቸው። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ከለጠፉት ልጆች አንዳቸውም ይህን ሁሉ አላዩም፤ ይህን ማሰቧ ራሱ አሳፈራት።

«ቶሎ በይ፣ ክፈችው» አለ ቂርቆስ ዙሪያውን እየቃኘ።

ክዳኑን ይዛ ቀረች። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ዓሣ ነጥቦቹ ከጠዋቱ በዝተዋል፣ አሁን ጅራቱም ላይ አሉ።

«ፀዲ!»

«አልከፍትም።»

«ልታስገዝችኝ ነው?»

«ጸበሉ ያድናል፣ አምናለሁ። ግን በሽታ መሆኑን እያወቅሁ ተደብቄ ብለቀው፣ እግዜርን መፈታተን ነው የሚሆነው። እነዚህ ቢያልቁ ምን ልንል ነው?»

«ማንም አያውቅም እኮ!»

«እኔና አንተ እናውቃለን።»

ብልቃጡን ሊነጥቃት እጁን ሲሰድ ከላይ የአንካሴ ዘንግ ኳኳታ ተሰማ። መምሬ ቢሆነኝ ጃንጥላቸውን በብብታቸው ይዘው በዳገቱ ይወርዳሉ። ቂርቆስ ብድግ ብሎ ከምንጩ አጠገብ ካለው ዋንዛ ግንድ ኋላ ተሸጎጠ፣ እሷንም በእጁ ጠራት። ፀደንያ ከድንጋይ ካቡ ሥር ጎንበስ እንዳለች ቀረች። መምሬ ከመጠመቂያው ቧንቧ ጥቂት ውኃ በእፍኛቸው ቀድተው ፊታቸውን አበሱ፣ አማተቡ። አላዩአቸውም። ዞረው ዳገቱን ተያያዙት።

ይሂዱ፣ አለ አንዱ ልቧ። ይሂዱና ተገላገዪ። ብልቃጡን ካቡ ላይ ብትተዪው ቂርቆስ መክፈት አያቅተውም፤ ነገ እሁድ ነው፤ ‹ተመልሷል› ይባላል፣ ግዝቱ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ለበሽታው አንድ ሳምንት ይበቃዋል። ኩሬዋ ላይ ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ሲንሳፈፉ ታዩአት፤ እናቶች ሕመምተኛ ልጆቻቸውን አዝለው መጥተው ያን ሲያዩ ታዩአት።

«አባ!» አለች።

ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። መምሬ አልሰሙም መሰላት። ተነሣች።

«አባ፣ ይቁሙልኝ።»

ዞሩ። ብልቃጡን በሁለት እጇ አፍና ይዛ፣ መዳፏን ክዳኑ ላይ ተጭና ዳገቱን ወጣች። አጠገባቸው ስትደርስ መስቀል መሳለሟን እንኳ ረሳችው።

«የእናንተ ዓሣ ነው» አለች። «ገዝቼው ነው። ከየት እንደመጣ አላውቅም ነበር። እኔ ቤት ታመመ፤ በሽታውን ያስያዝኩትም እኔ ነኝ። ውኃው ውስጥ ከተመለሰ ሌሎቹን ይጨርሳቸዋል ብዬ ፈራሁ። ጸበሉን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፣ አባ። ፈርቼ ነው።»

መምሬ ቢሆነኝ ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አንሥተው ብዙ አዩት። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

«ማነው የሸጠልሽ ልጄ?»

ያወቀም ይናገር። ቃሉ ከሳቸው አፍ የወጣ ነው፤ አሁንም ዓይን ዓይኗን እያዩ ነው።

«እሱ ራሱ ይንገርዎ» አለች። «እስኪመጣ እዚሁ ልጠብቀው ይፍቀዱልኝ።»

«ግዝቱን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ አባ።»

«አትፈሪም?»

«በጣም እፈራለሁ» አለችና እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

መምሬ አንካሴያቸውን ተደግፈው፣ ወገባቸውን እየያዙ፣ አጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከታች ከዋንዛው ግንድ ኋላ የቂርቆስ ጫማ ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል። እሳቸውም አይተውታል መሰል፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩና የሚያዩት ነገር ያላቸው ይመስል ማዶውን ማየት ጀመሩ።