ከእኩዮቿ የተለየችው ግልገል

አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ማኅሌት የጭላዳ ዝንጀሮ ግልገሎችን ታጠናለች። ማን ከማን ጋር እንደሚላፋ፣ ማን ተገልሎ እንደሚውል ትመዘግባለች። ሰጠኝ የአገሩ ልጅ ነው፤ መንገድ መሪዋም ረዳቷም እሱ ነበር።

የሥራው ደንብ ቀላል ነው። የተመረጠችው ግልገል ሜዳው ላይ እስካለች ማኅሌት ከምትቀመጥበት ዓለት አትነሳም። ግልገሊቱ ለማደር ወደ ገደሉ ስትወርድ እሷም ወደ ላሊበላ ትወርዳለች።

ሰጠኝ ይህን ደንብ ቶሎ ተማረው። ማኅሌት መነጽሯን ስታስተካክል እሱ ሜዳው ላይ ካለ አንድ ድንጋይ ጀርባ የገብስ ቆሎ ይበትናል። ግልገሊቱ ትቆያለች፤ ማኅሌትም ትቆያለች። እሱ ደግሞ ማኅሌትን ሲያይ ይውላል።

ቆይቶ ግልገሊቱ መላፋት ተወች። ድንጋዩን እያየች ብቻዋን መቀመጥ ለመደች።

«ከእኩዮቿ አትገጥምም። የሆነ ጉዳት አለባት» አለች ማኅሌት አዝና።

«ምናልባት ዓይን አፋር ትሆናለች» አለ ሰጠኝ፣ ዓይኑን ሰብሮ።

አንድ ጠዋት የእንስሳት ሐኪም የማደንዘዣ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ግልገሊቱን ከእናቷ ነጥሎ ለምርመራ ሊወስዳት ነው። የሰጠኝ አባት አቶ ዘመኑም ከገብስ ማሳቸው ወንጭፋቸውን እንደያዙ ወጡ። የገብስ ሌባ ሲያዝ ማየት አምሯቸዋል።

ሐኪሙ ሲያነጣጥር ሰጠኝ ፊቱ ተደቀነ።

«ጤነኛ ናት። የለየኋት እኔ ነኝ።»

ኪሱን ገለበጠው። ቆሎው ሣሩ ላይ ፈሰሰ።

አቶ ዘመኑ ቆሎውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። «እኔ በወንጭፍ አባርራለሁ፣ አንተ በቆሎ ትጠራለህ?»

የሰጠኝ ጆሮ ጋለ።

«ለምን?» አለች ማኅሌት። «ስንት የለፋሁበትን!»

«እሷ ስትሄድ አንቺም ስለምትሄጂ።»

ማኅሌት ወደ ድንጋዩ ዞረች። ግልገሊቱ ዘወትር ወደ ድንጋዩ ስታይ አይታለች፤ ከጀርባው ምን እንዳለ ግን አንድ ቀን ተነስታ አላየችም። በዚህ ስንፍናዋ ጤነኛ ልጅ ከእናቷ ልታስነጥቅ ነበር። አሁን እሷም መሬት መሬት አየች።

«ከጥናቱ ወጥተሃል» አለች በመጨረሻ።

«ይገባኛል።»

«ደግሞ እኔ ዝንጀሮ አይደለሁም። ቆዪ ብትለኝ እቆይ ነበር።»

ሰጠኝ አባቱን አየ፤ ሐኪሙን አየ። ለዚህ ቃል ከዚህ የባሰ ቦታ አይገኝም።

«ቆዪ» አለ፣ ድምፁ ለራሱም እየራቀው።

ማኅሌት ዓለቷ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከጎኗ ግን ቦታ ለቀቀችለት።

ሐኪሙ ማደንዘዣውን እንደያዘ ተገትሮ ቀረ። አቶ ዘመኑ ክንዱን ያዙት።

«ዶክተር፣ እዚህ የሚታከም የለም። ይምጡ፣ እንውረድ።»