የመሬት ሽቦው የት ደረሰ?

ይሻሽ ያን ማክሰኞ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የኢንዱስትሪ መንደር ከምትሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ወስዳ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት በኪራይ ከኖረች በኋላ እሷና ባሏ ታከለ የራሳቸው ቤት ሊኖራቸው ነው። ቤቱ እዚያው እስራኤል፣ ቤርሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ኣሌፍ የሚባል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ላይ ነው። ከሻጩ ጋር ተስማምተዋል፤ ውሉ ሐሙስ ይፈረማል። ይሻሽ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ባዶው ሳሎን ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያለች፣ ሶፋው የሚቀመጥበትን ግድግዳ በክንዷ ትለካለች።

ታከለን ቅር ያሰኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጃቸው ባት-ኤል የቤት መርማሪ ይዛ መጥታለች።

«ደግሞ ምን የሚመረመር አለው?» አለ ታከለ። «መብራቱ ይበራል፣ ውሃው ይፈሳል። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ኖሮበታል። ይኼ ልጅ ሰበብ ፈልጎ ቤቱን ሊያስጥለን ነው።»

«አባ፣ ቤዴክ ባይት፣ የቤት ምርመራ፣ ሳይደረግ ቤት አይገዛም» አለች ባት-ኤል። «መኪናህን ስትገዛ አስፈትሸህ አይደል እንዴ?»

መርማሪው ኤላድ ይባላል። የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ያለው ወጣት ነው። እዚሁ አገር ስለተወለደ አማርኛውን ከአያቱ የለቀመው ነው፤ እየተደናቀፈም ቢሆን ይናገራል። ግድግዳውን አንኳኳ፣ መስኮቶቹን ከፍቶ ዘጋ። አንዱን በጨረሰ ቁጥር «ቤሴዴር፣ ደህና ነው» ይላል፤ የይሻሽም ልብ ትንሽ ከፍ ይላል።

ከዚያ ኩሽና ገብቶ፣ ጡጫ የምታህል መፈተሻ ሶኬቱ ላይ ሰካ። መፈተሻው ላይ ሦስት ትንንሽ መብራት ሊበራ ሲገባው ሁለት ብቻ በራ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥም ሞከረ፤ ያው ነው።

«ሃአርካ የለም» አለ። ይሻሽ እንዳልገባት አይቶ ወደ እሷ ዘወር አለ። «የመሬት ሽቦ ማለት ነው፣ እማማ። ማሽን ውስጥ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በዚያ ሽቦ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ብሬከሩም ወዲያው ይቆርጠዋል። ሽቦው ከሌለ ግን ብረቱ ላይ ሆኖ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል።»

«የኛም ልብስ ማጠቢያ አልፎ አልፎ ይነዝራል» አለ ታከለ እየሳቀ። «የላስቲክ ጫማ አድርገን እንነካዋለን፣ አለቀ። ማን ሞተ?»

ኤላድ ወደ መስኮቱ ሄደ። ረጅም ሽቦ በመስኮት አውጥቶ ጫፉን ከአንድ የብረት ካስማ ጋር ግቢው አፈር ውስጥ ተከለ። ሌላውን ጫፍ ከመለኪያው ጋር አያይዞ የኩሽናውን ቧንቧ ነካ። ቁጥሩ ዘሎ ሁለት መቶ አሥር ቮልት ላይ ቆመ። የልጁ ፊት ተለዋወጠ።

«ማንም ብረት እንዳይነካ!»

ታከለ ውሃው እንዴት እንደሚፈስ ሊያሳይ እጁን ወደ ቧንቧው ሰዶ ነበር። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ኤሌክትሪኩ ከዚህ ቤት አይደለም» አለ ኤላድ፤ አሁን ቃላቱ እየተጣደፉ ነው። «እዚህ ምንም አልተሰካም። የሕንፃው ቧንቧ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። ከላይ የአንድ ሰው ዱድ፣ ውሃ ማሞቂያው፣ ተበላሽቷል። ቧንቧውን በሙሉ ኤሌክትሪክ ይዞታል!»

ይሻሽ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። ሲገቡ ደረጃው ላይ ያገኟቸው እማማ ሸዋወርቅ ትዝ አሏት። ከበላያቸው ነው የሚኖሩት። «ዱዱን አብርቻለሁ፤ ገላዬን ታጥቤ እመጣና ቤታችሁን እመርቅላችኋለሁ» ብለዋቸው ነበር።

«እማማ ሸዋወርቅ ሊታጠቡ ነው!» ብላ ጮኸች።

ኤላድ ደረጃው ሥር ወዳለው ዋና ማከፋፈያ ሮጠ። ይሻሽ ወደ ላይ ወጣች፤ እንዲያ የሚሮጥ ጉልበት እንዳላት አታውቅም ነበር። በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። «እማማ! ውሃውን አይንኩ! እማማ!» መልስ የለም። ከታች ዋናው ማጥፊያ ቀጭ ሲል ተሰማ፤ የደረጃው መብራት ድርግም አለ። ይሻሽ አሁንም ትደበድባለች።

በሩ ተከፈተ። እማማ ሸዋወርቅ ፎጣ ለብሰው ተቆጥተው ቆመዋል። ፀጉራቸው ደረቅ ነው።

«ምን ነካሽ፣ ልጄ? እሳት ተነሣ?»

«ውሃውን ነክተውታል?»

«ልከፍተው ስል ነው በሩን ያፈረስሽው።»

ይሻሽ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ እየሳቀች አለቀሰች።

ነገሩ ሲነገራቸው አሮጊቷ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «እኔኮ ከክረምቱ ጀምሮ ቧንቧ ስነካ እጄን ጉንዳን ይወርረኛል። የስኳር በሽታዬ መስሎኝ መድኃኒት ስውጥ ከረምሁ» አሉ። ጎረቤታቸው ይግዛውም ከበሩ ብቅ ብሎ፣ «እኛም ቤት ይነዝራል፤ ከኛ ማሽን መስሎን ዝም አልን» አለ። ለካ ሕንፃው ሙሉ ሲነዘር ከርሞ፣ አንዱ ለሌላው አልነገረም።

ምክንያቱም ተገኘ። አምና ከመንገዱ ወደ ሕንፃው የሚገባው አሮጌ የብረት የውሃ መስመር በፕላስቲክ ተቀይሮ ነበር። ውሃው በኃይል ሲመጣ ሁሉም ተደሰተ። የሕንፃው የመሬት ሽቦ ግን የታሰረው ከዚያ ብረት ጋር ነበር። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ ወደ መሬት የሚወስደው መንገድ ተቆረጠ። የመሬት ሽቦው የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ታከለ ወደ ቧንቧው ዘርግቶት የነበረውን እጁን አየ። «ዛሬ ይህን ልጅ በሰበብ መልሼው ቢሆን...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ቆይቶ፣ «ሳይስተካከል አልፈርምም» አለ። «ለኛ ቤት ብቻም አይደለም። የሕንፃው ስምንቱም ቤት ይሠራ።» በዚያው ምሽት በር ለበር ዞሮ ጎረቤቱን ሁሉ ያሰባሰበው፣ ሻጩንም ያሳመነው እሱ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ግቢው ሠርግ ቤት መሰለ። የመዳብ ዘንጎች መሬት ውስጥ ጠልቀው ገብተዋል። ከእነሱ የወጣው ወፍራም ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ከአንድ የመዳብ ሰሌዳ ጋር ተያይዟል፤ ቧንቧውና ማሞቂያው ሁሉ እዚያ ታስሯል። የእማማ ሸዋወርቅ ዱድ ተጠግኗል። ኤላድ መፈተሻውን ይዞ ከቤት ቤት ሲገባ ልጆች፣ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ይከተሉታል። ሦስተኛው መብራት ቦግ ባለ ቁጥር እልልታ ነው! ስምንተኛው ይሻሽ የምትገዛው ቤት ነበር። እልልታው ከሷ ጉሮሮ ሲወጣ መስኮቱ የተንቀጠቀጠ መሰላት።

ወገኖቼ፣ ቤት ስንገዛ ቀለሙንና ስፋቱን እናያለን። ሕይወታችንን የሚጠብቀው ግን ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ ሽቦ ነው። ብረት ከነዘራችሁ አትለማመዱት፤ ከማሽኑ ራቁ፣ ለጎረቤት ንገሩ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥሩ። ቧንቧ በተቀየረ ጊዜም የመሬት ሽቦውን አስፈትሹ።

ሰዉ ሲበተን ታከለ የኤላድን ክንድ ያዘ።

«ነገ ጠዋት ሥራ አለህ?»

«ምነው፣ አባባ?»

«አሁን የምንኖርበት የኪራይ ሕንፃ አሥራ ሁለት ቤት ነው» አለ ታከለ። «ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ። እየጠበቁህ ነው።»